ከአጨዳ በኋላ አንድ ዘፈን

ዘፈኑ እንዳለቀ ኃይለየሱስ ሊያስደግመው እጁን ሲሰድ ሚስቱ ውዴ ቀደመችው። የሚዘፍነውን ሳጥን መጠምዘዣ ነቀለችና መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ለአጨዳ የተጠሩት ሰዎች ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው መደቡን ሞልተውታል። ጠዋት ቁርስ ሊቀምሱ ገብተው፣ ባሏ «እስቲ አንዴ ስሙልኝ» ብሎ የከፈተው ሸክላ ይኸው እስከ ረፋድ አስቀምጧቸዋል።

ይህን የሚዘፍን ሳጥን ኃይለየሱስ ጊኒር ገበያ ላይ በበቅሎው ለውጦ ነበር ያመጣው። ከጦሩ ጋር መጥቶ ጎባ አጠገብ መሬት ከተመራ ወዲህ እንደዚያን ዕለት ሲስቅ አይታው አታውቅም፤ ስለዚህ ውዴ የበቅሎውን ነገር አላነሣችበትም። ደግሞ እሷም ትወደው ነበር። ቋንቋዋን የማታውቀው ሴት ድምጿን ከፍ ስታደርግ ውዴ እጇ ላይ ያለውን እንዝርት ትረሳለች። ያስፈራትም ይኸው መርሳቷ ነው። ባለፈው ሰሞን ሁሉም አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ጥጃው ተፈትቶ እናቱን ሙልጭ አድርጎ ጠብቷት፣ ልጆቹ ያለ ወተት አደሩ።

«ውዴ፣ መልሺ» አለ ባሏ፣ በሰው ፊት ሳቅ ለማስመሰል እየሞከረ።

«እመልሳለሁ። ገብሱ ይግባ።»

«ሳጥኑ ያንቺ ነው እንዴ?»

«የእርስዎ ነው። ግን ወጣ ብለው ሰማዩን ይዩት። ከሳነቴ ተራራ በኩል ጠቁሯል።»

የባሏ የጦር ጓደኛ በየነ ከመደቡ ላይ ሳቀ። «ኃይሌ፣ በገዛ ቤትህ ማዘዝ ቀረ እንዴ?»

የኃይለየሱስ ፊት ጠቆረ። ውዴ ግን እጇን ወደ መቀነቷ አልሰደደችም። ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ አደም ቆሟል። ዛሬ ለእነሱ የሚሠራበት የገባርነት ቀኑ ነው። የራሱ ገብስ ከታች ከድንበሩ ማዶ ቆሞ ይታያል። ጠዋቱን ሙሉ ጆሮው ዘፈኑ ላይ፣ ዓይኑ ደመናው ላይ ነበር።

«አደም፣ ያንተስ ደርሷል?»

«ደርሷል፣ እሜቴ። የእናንተ ሳያልቅ እንዴት እነካዋለሁ?»

ውዴ ከግድግዳው ላይ የባሏን ማጭድ አወረደች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወጣች። «ኮታ!» አለች በኦሮምኛ፤ ኑ ማለቷ ነው። አደም ተከተላት። እየቆየ አንድ አንድ እያለ ሌላውም ወጣ። በየነ እንኳ እያጉረመረመ ወጣ።

ኃይለየሱስ የደረሰው አንድ ትልም ከታጨደ በኋላ ነው። «ማጭዴን» አለ፣ ሳያያት። ሰጠችውና ነዶ ወደ ማሰሩ ዞረች።

ገብሳቸው ተከምሮ ሲያልቅ ውዴ አላረፈችም፤ ድንበሩን ተሻግራ ወደ አደም ማሳ ገባች። አጫጆቹ ወደ ኃይለየሱስ አዩ። እሱም ቆም ብሎ አሰበ፤ ማጭዱን በቡቱቶ ጠረገና ተከተላት። በረዶው ሲወርድ ሳይታጨድ የቀረው ጥጉ ላይ ያለው ብቻ ነበር። እሱን መታው። ሌላው ተርፏል።

ሲመሻሽ ሁሉም በስብሶ ቤት ገባ። አደም በር ላይ ሊቀር ሲል ውዴ መደቡ ላይ ቦታ አሳየችው። ከዚያ መጠምዘዣውን አውጥታ በሁለት እጇ ለባሏ ሰጠችው።

«አንድ ዘፈን» አለች።

ጠመዘዘው። ሴትዮዋ ዘፈነች። ውዴ እጇ ላይ ምንም ሥራ አልነበረም፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። እንዲህ ጥፍጥ ብሏት አያውቅም።

«ይደገም!» አለ በየነ።

ኃይለየሱስ ሚስቱን አያት። እሷም ሆዷ «ይደገም» ይላታል፤ ጮክ ብሎ ይላታል።

«ነገም ይመሻል» አለች።

ባሏ መርፌውን አንሥቶ ክዳኑን በገዛ እጁ አወረደው።

አደም ተነሣ። «ነጋቲ ቡላ፣ እሜቴ» ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። ውዴ ልትዘጋ በሩን ያዘች፣ ግን አልዘጋችውም። ሰውየው በረጠበው የታጨደ ማሳ መሀል ቁልቁል እየወረደ ያንኑ ዜማ ይዘፍናል፤ ቃሉን ግን ኦሮምኛ አድርጎታል፣ ስለ ገብስ ነው።