የጋዙ ጉድጓድ አፍ

ዶሮዋ በቅርጫት ከጉድጓዱ ስትወጣ አንገቷ ተንጠልጥሎ ነበር። ቢሽኑማያ ገመዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን የላሞቿን እበት እያብላሉ የምድጃዋን ጋዝ የሚያወጡት እዚያ ውስጥ ነው። ደለል ሞልቶት እሳቱ ስለደከመ፣ ባሏ ሊጠርገው በመሰላል መውረድ ጀምሯል። የመንደሩ ሰው አየሩ የሚገድል መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ዶሮ ያወርዳል፤ እሱ ግን አልጠበቀም።

«የፑርኒማ አባት፣ ይውጡ! ዶሮዋ ሞታለች!»

«ተኝታ ነው። እንዳንቺ ሥራ ስታይ እንቅልፍ ይጥላታል» አለና አንድ እርከን ወረደ።

«በፑርኒማ ሞት፣ ይውጡ!»

ሳቀባት። የበሰበሰው ሽታ ፊቷን መታው። ሚስት የባሏን ስም ከጠራች ዕድሜው ያጥራል ይባላል፤ ከተጋቡ ጀምሮ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ራሱ ከጉድጓዱ አፍ በታች ሲሰወር ግን ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

«ዳምበር!»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ።

«ምን አልሽ? አንቺ ባለጌ፣ እኔን በስሜ?» እያለ፣ እጁን ለጥፊ አንስቶ ብቅ አለ።

«ይምቱኝ» አለችው። የተነሣውን እጅ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ እግሮቹ ሣሩን እስኪረግጡ ድረስ አልለቀቀችውም።