አራተኛው ማዕዘን

የመስኮቱን ፍሬም ሦስት ማዕዘኖች በይጄ ለምሳ ወጣሁ፤ ስመለስ አራተኛው ተበይዶ ጠበቀኝ። ብየዳ ካስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ጋር የነበረን ውል ግልጽ ነው፤ አንድ የመስኮት ፍሬም ብቻዬን ከጨረስኩ ጓሮ ውስጥ ያለው፣ አሁን የምንሠራበት የአባታችን ጋራዥ የእኔ ይሆናል፣ ካልቻልኩ ያከራየዋል።

"ማን አግዘኝ አለህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ ባለሙያ ያስገባሽው! ያንቺ ብየዳ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ይሄን እይው፣ በማስመሪያ የተሰመረ!"

ደሜ ፈላ። ብየዳውን በግራይንደር ቆርጬ ማዕዘኑን ከፈትኩትና "ቁምና እየኝ" አልኩት።

ማስኬን ደፋሁ። ጥቁሩ መስታወት ብየዳ ካልበራ በቀር ምንም አያሳይም። ኤሌክትሮዱን፣ የብየዳውን ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ገና ሳላስነካ ማዕዘኑ ላይ ብርሃን ቦግ አለ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ሳይቸኩል ሲበይድ አየሁ።

"እጅህን አንሳልኝ!"

"የቱን እጄን?" ድምፁ ከወዲያኛው ግድግዳ መጣ።

ማስኬን ገለጥኩ። ወንድሜ ጥግ ቆሞ የማሽኑን ገመድ ከሶኬት ነቅሎ ይዟል።

"ባለሙያ ስላስገባሽ ውሉ ፈርሷል። ገና ማስኩን ስትደፊ ነው የነቀልኩት" አለ።

አፍንጫዬ ሥር ማዕዘኑ ተዘግቷል። ቀልቷል፤ ይጨሳል።

ኤሌክትሮዱን ከነመያዣው ወረወርኩት። "ጋራዡን ለሁለታችሁ፣ ላንተና ለዚያ እጅ፣ ለቅቄያለሁ" አልኩና ወጥቼ የብረቱን በር ዘጋሁበት።