አንድ ላይ የታጠፈ ድምፅ

ነጩን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ስንገለብጠው አረንጓዴ ወረቀት አብሮ ይወጣል። ነጩ ለአገር አቀፉ ምክር ቤት ነው። አረንጓዴው ለክልሉ ነው፤ የራሱም ሳጥን አለው። መጀመሪያ አንድ ሰው ተሳስቶ ነው ብለን ነበር። አሁን ግን የምንፈታው ነጭ ወረቀት ሁሉ አረንጓዴውን በሆዱ ይዟል።

«ማነው እንዲህ እጠፉ ያላቸው?» ትላለች የጣቢያው ኃላፊ። የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዛሬ ሰልፍ አስተናብር ተብዬ ነው የመጣሁት። ረፋዱ ላይ ሰልፉ መንገድ ዘጋ። ሰው ሁለት ወረቀት ይዞ በሁለት ሳጥን መሃል ሲደናበር አላስቻለኝም። «እንደ ኮትና ገበር አንዱን በአንዱ ውስጥ እጠፉና እዚህ ክተቱ፤ እኛ እንለየዋለን» አልኳቸው። የሰፈሩ ሰው ያምነኛል፤ የግማሹን ሱሪ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ቢጤው ነው።

«በሌላ ሳጥን የተገኘ ወረቀት አይቆጠርም» አለች ኃላፊዋ መመሪያውን ገልጣ።

«ቲቸር፣ ሰዉ እኮ መርጧል! ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን እሰሩኝ።»

«አንተ ብትታሰር ወረቀቱ ሳጥን ይቀይራል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ጋሼ።»

አረንጓዴውን ሳጥን ቀድመን ቆጥረነዋል። የሌሎቹ ጣቢያዎች ውጤት ሲደመርበት ሲስተር በስልሳ አንድ ድምፅ ተበልጣለች። ሲስተር የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናት፤ የምርጫ ምልክቷ ጃንጥላ ነው። ክልሉ የማዋለጃ ክፍሏን ሊዘጋው አስቧል፤ የተወዳደረችውም ገብታ ልትሟገትለት ነው። ክፍሉ ከተዘጋ ሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጄ የአምስት ወር እርጉዝ ናት።

«አንተ ፍታ፣ እኔ ማኅተም ልምታ» ትለኛለች ኃላፊዋ።

እፈታለሁ። እንደ ደንቡ ከፍ አድርጌ ለታዛቢዎች አሳያለሁ። ጃንጥላ። እሷ «ዋጋ የለውም» የሚለውን ማኅተም ትመታበታለች። ጃንጥላ። አሁንም ጃንጥላ። ስልሳ ሁለተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ፤ ክምሩ ገና አልተጋመሰም።

መስኮቱ ላይ ሰው ተደርድሯል። ከውጭ ሆኖ የሚታየው ጃንጥላው ብቻ ነው፤ ማኅተሙ አይነበብም። አንዱ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ሲስተርን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ፊት አሳለፏት። ልጄ ክንዷን ይዛታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«አባዬ፣ በርታ!» ትላለች ልጄ በመስታወቱ በኩል።

የሚቀጥለውን ፈትቼ ከፍ አደርግላታለሁ።