የአንደኝነት ዋንጫ

ውዳሴ የተጠማ ሰው የሸሸገውን በገዛ አፉ ያወጣል።

ዝነኛው የኩባንያዎች የግብር ጠበቃ «የዓመቱ አንደኛ» ለመባል ቋምጦ ሽልማቱ በሚሰጥበት አዳራሽ ተገኘ። ከጎኑ በክብር ወንበር የተቀመጡትን ሽማግሌ ከመራጮቹ እንደ አንዱ ቆጠራቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ እንደ እኔ ያለ ከየት ይገኛል? የሲሚንቶ ፋብሪካውን ትርፍ በባለቤቱ አማት ስም አዙሬ ለመንግሥት ኪሳራ ብቻ አሳየሁለት!»

«አበጀህ! ለዚህ የሚያስፈልገውን የሐሰት ውል ማን አዘጋጀው?»

«እኔው ነኛ! ለሌላ ሰው አምኜ እሰጣለሁ እንዴ?»

ወዲያው የጠበቃው ስም በአንደኝነት ተጠራ። ዋንጫውን እንዲሰጡም የክብር እንግዳው፣ የግብር ወንጀል ምርመራ ኃላፊ፣ ወደ መድረክ ተጋበዙ። ሽማግሌው ተነሡ።

ጠበቃው ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀበለ። በዓመቱ የጥብቅና ፈቃዱ ተሰርዞ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት።