ከሁለቱ ትራክተሮች ርካሹ

የጣሊያን ወታደሮች በሬያችንን ቦራን አርደው ከበሉት ወዲህ መሬታችን ጦሙን አድሯል። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ከባለቤቴ ከዘይነት ጋር ሰባታሚት ሄድን። እዚያ አንድ ጣሊያን ሁለት አሮጌ ትራክተሮች ይሸጣል። አቅማችን የቻለው ርካሹን ነው።

የጣሊያኑ ሾፌር ዳውድ «በሬ እንደምትፈትኑት ፈትኑት» አለንና አንድ ትልም አረሰልን። ዳር ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እኔም ከኋላ ስከተል ቆይቼ ኖሮ፣ እንደ ልማዴ «ተመለስ፣ ቦራ!» አልሁ።

ዘይነት ሳቀች።

የፊት ጎማዎቹ ቀስ ብለው ዞሩ። ማሳው ደልዳላ ነው፤ ቁልቁለት የለውም። ትራክተሩ ያለ ድምፅ መጥቶ ዘይነት ፊት ቆመ። ቦራን አሞሌ ታስልስበት የነበረውን ቀኝ እጇን ከኋላዋ ደበቀችው።

ጎማዎቹ ወደ ቀኟ ዞሩ።