የማይመታው ተዋጊ

ጓደኛሞቹ በወረቀትና በዳይስ ለሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ እያንዳንዳቸው ተዋጊ ሲፈጥሩ፣ ሜላት በባዶ እጁ የሚዋጋ ሰው ጻፈች። አይመታም፣ አይራገጥም፤ ጠላቱን ከኋላ አቅፎ ቁጣው እስኪበርድ ድረስ አይለቀውም።

«ይሄማ ገና በመጀመሪያው ዙር ይሞታል!» አለ ጨዋታውን የሚመራው ናሆም እየሳቀ። «ቢያንስ ዱላ ስጪው እንጂ።»

«አይሆንም። ጠላቱ መጎዳት የለበትም።»

«ጉልበቱ ከሱ ቢበልጥስ?»

ሜላት እርሳሷን አስቀምጣ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ በልዟል፤ የጥርስ ምልክትም አለበት።

«ወንድሜ ዘንድሮ በቁመት በለጠኝ» አለች። «ሕመሙ ሲነሳበት እኔም እናቴም አንችለውም። ምን ላድርግ፣ ናሆም?»

ናሆም የጨበጠውን ዳይስ አስቀምጦ ወደ እሷ ጠጋ አለ።