የአንኮበሩ አምስተኛ ቤት

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረን!» ሐቢብ ከኋላዋ ይጮሃል።

ኛንዴንግ እርምጃዋን አፈጠነች። የአንኮበር ዳገት ላይ ወሬ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ላደገው ሐቢብ ግን ይህ አልገባውም። እስካሁን አራት ፖስታ ከፍተው፣ አራት ቤት አንኳኩተው፣ ከየባለቤቱ አንዳንድ ቃል ተቀብለዋል። የመጨረሻው ፖስታ «ድሮ ለቤተ መንግሥት ጠጅ ይጣልበት በነበረው ሰፈር እማማ እናናየሁን ጠይቁ» ይላል። አምስቱን ቃል ይዞ ከስድስት ሰዓት በፊት አደባባይ የደረሰ አሸናፊ ነው።

ከደብረ ብርሃን አብረዋቸው ለመጡት የውጭ አገር ተማሪዎች የቅዳሜ ጨዋታ ነው። ለእሷ ግን ጨዋታ አይደለም። አስተማሪዋ መምህር ቴዎፍሎስ ባለፈው ሳምንት እቅጩን ነግረዋታል። «በዚህ አማርኛሽ በሽተኛ አታነጋግሪም። የልምምድ ጊዜሽን ካርድ ክፍል ታሳልፊያለሽ። ጨዋታውን በአማርኛ ብቻ እየጠየቅሽ በሰዓቱ ከጨረስሽ ግን ሕሙማን ክፍል እመድብሻለሁ።» ነርስ ልትሆን ከጁባ ድረስ መጥታ ካርድ ልትደረድር? ኧረ ወዲያ!

የእማማ እናናየሁ ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ኛንዴንግ ፖስታዋን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ገባች፤ ሐቢብም ተከተላት።

«እማማ እናናየሁ አሉ?» ብላ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ጠየቀች።

«ነይ ልጄ፣ ያቻትልሽ» አለች ሴትዮዋ፤ እጇንም ይዛ እስከ ጥጉ ወሰደቻት። ከሩቅ የመጣች ለቀስተኛ መስላታለች።

ጥጉ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሮጊት ተቀምጠዋል። ፖስታውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ውይ፣ የጨዋታው ልጆች ናችሁ» አሉ በተዘጋ ድምፅ። «ለመምህሩ ቃል ገብቼላቸው ነበር። እህቴ ድንገት ጥላኝ ሄደች፤ ትናንት ቀበርናት። ቆዩ እስቲ... ምን ቃል ነበር በይ ያሉኝ?»

ግንባራቸውን ያዙ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኛንዴንግን እፍረት ፊቷን አቃጠላት። ፖስታውን ሹራቧ ውስጥ ወሸቀችው።

«ይተዉት። እግዜር ያጥናዎት» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሊነግሩን እኮ ነው!» አለ ሐቢብ በሹክሹክታ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ አለን።»

«ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞራ «መቼ ነው የበሉት?» ስትል ጠየቀች።

«ምን ትበላለች!» አለች ያመጣቻት ሴትዮ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፣ ውሃም እንቢ ብላለች። ለምነን ለምነን ደከመን።»

አግዳሚው ላይ ከማንቆርቆሪያ አጠገብ አጥሚት የሞላ ኩባያ ተቀምጧል። ኛንዴንግ አነሳችው።

«እህቴ አፈር ለብሳ እኔ ልጠጣ?» ብለው እማማ እናናየሁ ፊታቸውን አዞሩ።

«ትንሽ ብቻ።» እንቢ። «አንዴ።» እንቢ። ሐቢብ ስልኩን አሳያት፤ አምስት ደቂቃ። ዞር ብላም አላየችው። ካርድ ክፍል ይሁን፣ የፈለገው ይሁን፣ ይህን ኩባያ ሳታስጠጣ ከዚህ ድንኳን አትወጣም! ዶርም ውስጥ ልጆቹ ሲያጎርሷት የሚለምኑበት ቃል ትዝ አላት።

«በሞቴ!» አለች ጮክ ብላ።

ለቀስተኛው እጁን አፉ ላይ ጫነ። አፈሩ ባልደረቀበት ለቅሶ ቤት፣ ያውም ከእንግዳ ልጅ አፍ! ሐቢብ እንኳ አቀረቀረ። እማማ እናናየሁ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋት።

«ኧረ ልጄ፣ ሞትሽን አትጥሪብኝ! የአንዷ አልበቃኝም?» አሉ። እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ ኩባያውን ያዙ። እጃቸው ሲከዳቸው እሷ ደገፈችላቸው።

«ቀስ ብለው ይጠጡ። ያዞርዎታል?»

«ያዞረኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቀብሩ መልስ።»

«ደረትዎንስ?»

እሳቸው ይመልሳሉ፣ እሷ ትጠይቃለች። ሐዘኑን ሰምተው የገቡት መምህር ቴዎፍሎስ ከኋላዋ መቆማቸውን ያወቀችው ጆሮዋ ሥር ሲያንሾካሽኩ ነው።

«ኛንዴንግ፣ ስድስት ሰዓት አልፏል።»

«አውቃለሁ» አለች ዓይኗን ከኩባያው ሳትነቅል። «ገና ግማሽ ይቀራቸዋል።»

መምህሩ ጥያቄና መልሱን ሁሉ ሰምተዋል። የአጥሚቱን ማንቆርቆሪያ አነሱና፣ ኩባያው እስኪጎድል አጠገቧ ቆመው ይጠብቁ ጀመር።